በጓሮው የተገኘችው ሴት

አውግስቡርግ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2011

ውድ ልጄ አፍራ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ኒውዚላንድ መሞቅ ጀምሮ ይሆናል። እዚህ ከወንዙ የሚነሳው ጉም እስከ ቀትር አይለቅም። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፤ እተኛለሁ።

ከእናትሽ ቀብር ማግስት፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ “አባዬ፣ ያን አጽም ዝም ብለህ ብትቀብረው ኖሮ እማዬ ጓሮዋን ረግጣ ትሞት ነበር” አልሽኝ። የሆነውን አሁን ልንገርሽ።

በጸደይ እግሯ የፎቁን ደረጃ መውረድ እምቢ ሲላት፣ ጓሮው ውስጥ አንዲት ክፍል ልሠራላት መሠረት ማስቆፈር ጀመርኩ። ቆፋሪው አሎይስ ድንገት ማሽኑን አቆመ። የድንጋይ ሣጥን ነበር፤ ውስጡ አጽም። የሮማውያን መቃብር መሆኑ አልጠፋንም። ለመንግሥት ካሳወቅን ሥራው እንደሚቆምም እናውቃለን።

“ስማ ኡልሪኽ፣” አለኝ፣ “ይህን ያህል ዘመን የተኛ ሰው ትንሽ ቢጨምር አይከፋውም። አፈር እናልብሰውና ቢራችንን እንጠጣ።”

ተስማማሁ። እናትሽ ግን ከላይ በመስኮት ብቅ አለች።

“ኡሊ! ምን አገኛችሁ?”

“የሰው አጥንት።”

“ታዲያ እኔን ሰው ላይ ልታስተኛኝ ነው? የሚመለከታቸውን ጥራ!”

“ሥራው ይቆማል እኮ።”

“ይቁም! እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ።”

ጠራኋቸው። አንኬ የምትባል የሰሜን ጀርመን ልጅ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ፣ መጥታ በጋውን ሙሉ አፈሩን በብሩሽ ስትጠርግ ከረመች። አጽሙ የወጣት ሴት ነበር። እናትሽ እኔ የጋገርኩትን የፕለም ኬክ እንደ ራሷ ሙያ አድርጋ በቅርጫት፣ በገመድ ታወርድላታለች። “ዛሬስ ጓደኛሽ ምን አወራችሽ?” ትላታለች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በሴፕቴምበር አጽሙን ወሰዱ፤ ሥራውም ተፈቀደ። ግድግዳው ሳይቆም እናትሽ አረፈች። የሆነው ይኸው ነው።

ክፍሉን አስጨርሻለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ግንበኞቹ መጡ፤ በሩን ከፈትኩላቸው። ጎረቤታችን ቡርጊ “ኧረ ተው፣ አልቅስ፤ ይውጣልህ” ትለኛለች። እሺ እላታለሁ።

ትናንት አንኬ መጣች። ደስ ብሏታል።

“ሴትዮዋ ሙዚየም ልትገባ ነው! ወይዘሮ ክሬሴንስን ላበስር ብዬ ነው። አሉ?”

ለካ የእናትሽን ማረፍ አልሰማችም።

“ተኝታለች፣” አልኳት።

“እንግዲያ አልቀሰቅሳቸውም። ሰላም በሉልኝ፣” ብላ ሄደች።

ሰላምታውን ለማን እንደማደርስ ቸግሮኝ ለአንቺ ልኬዋለሁ።

እግዚአብሔር ካለሽበት ይጠብቅሽ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

አባትሽ ኡልሪኽ