ለፉሳኤ እጅ የሚሆን ጆይስቲክ

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ዛሬም መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ያለ ጨዋታ። «አንተ ግባ» አለችኝ ፉሳኤ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ።

ይቺ ሚስቴ ናት? ልጃችን ሳዋኮ አግብታ ስትሄድ ያንን አሮጌ የጌም ማሽን ጥላልን ከሄደች ጀምሮ ማን ቀድሞ ትኩሱ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር የሚወስነው እሱ ነው። ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች በደንብ የደረደረ ይገባል። የተሸነፈ በዚያው ውኃ፣ ለብ ሲል ይነከራል። በዚህ ጉዳይ ስንት ተሰዳድበናል!

ስትሮክ ከመታት ወዲህ የቀኝ እጇ ጣቶች አይታዘዙላትም። ክንዷ ደህና ነው። ጣቶቿ ግን... ጆይስቲኩ ደግሞ ከረሜላ የሚያካክሉ ቁልፎች ነው ያሉት።

ከገንዳው ስወጣ «የሽማግሌ መረቅ አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ግቢበት» አልኳት። ድሮ ቢሆን ፎጣ ይወረወርብኝ ነበር።

«እሺ» አለች።

እሺ? እሺ ምን ማለት ነው?

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ቁጭ ብዬ መዋል አቃተኝ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወደሚበዛበት ወደ ኒፖንባሺ ሰፈር ሄድኩ። ሌላ ዓይነት ጆይስቲክ ልፈልግላት። አሮጌ ጌም የሚሸጡትን ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ። ባለ ዘንግ አለ፣ በእግር የሚረገጥ ምንጣፍ አለ... ምንጣፉን ሳስበው ሳቄ መጣ። ፉሳኤ ስትዘል!

መጨረሻ ላይ ቅርጫት ውስጥ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ከነካርቶኑ አገኘሁ። ማንንም ሳልጠይቅ ገዝቼ መጣሁ። ምን እጠይቃለሁ? ማሽኑን እንደ ጥርሴ ነው የማውቀው።

አልገባም። የኛ ማሽን ሁለቱ ጆይስቲኮች ከሆዱ ጋር ተያይዘው ነው የተሠሩት፤ ሌላ መጨመር የሚቻለው ከፊት ለፊት ባለችው ቀዳዳ ብቻ ነው። እኔ ያመጣሁት መሰኪያ ደግሞ ሌላ ቅርጽ። ገፋሁት፣ አዞርኩት፣ ነፋሁበት።

ፉሳኤ በግራ እጇና በጥርሷ መንደሪን እየላጠች ታየኛለች።

«ባሕር ማዶ ለሚሸጠው ማሽን የተሠራ ነው እኮ» አለች። «ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የኛ ነው እንዴ? ደንቆሮ።»

ደንቆሮ አለችኝ! ከስንት ጊዜ በኋላ። ደስ ብሎኝ ሁለት መንደሪን ሰረቅኳት።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ሌላ ተገኘ። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የገጣጠመው ነው። ሁሉም ነገር በግራ እጅ፤ አውራ ጣት አቅጣጫውን ይመራል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሥር ይጫናሉ። መሰኪያውም ገባ። ፉሳኤ ብዙ ከተለመነች በኋላ ያዘችው።

ጡቦቹ ይወርዳሉ፣ አንድ እጅ ብቻውን ሁሉን መሥራት አይችልም። ላቧ መጣ። አየኋትና... ረጅሙን ጡብ ሆን ብዬ ያለቦታው ጥግ ላይ ጣልኩት። ከዚያ ሌላውን ላዩ ላይ። ተሸነፍኩ። «ወይኔ ጉዴ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ጆይስቲኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንተ ረጅሙን እዚያ ጥለህ ታውቃለህ?»

«እጄ ስቶ ነው።»

«እጅህ ስቶ አያውቅም። ለኔ ስታዝን ነው የሚስተው?»

ገንዳ ውስጥ ሳትገባ ተኛች። እኔም አልገባሁ። ያ ሁሉ ውኃ እንዲሁ ቀዘቀዘ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ማሽኑን ጨርቅ አልብሳዋለች።

ሳዋኮ ደወለች። «አባዬ፣ እማዬን አታስጨንቃት በቃ። ማሽኑን ለሚሰበስቡ ሰዎች ስጠውና እፎይ በሉ።»

«አንቺንም መርቄ እሰጥሻለሁ!» ብዬ ዘጋሁባት። ከዚያ ቤቱን ዞርኩት። ኩሽና፣ በረንዳ፣ ኩሽና። ምን ፈልጌ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ሲነጋ የሱቅ መጽሔቶች ዘርግቼ ጆይስቲክ ሳማርጥ ፉሳኤ ደረሰችብኝ። ይሄ ከባድ ነው፣ ይሄ ቀላል ነው፣ ይሄ ያንሸራትታል... ለራሴ እያወራሁ ነበር።

«እጁ የማን ነው?» አለች።

«ምን?»

«የምትመርጥለት እጅ። የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«እና እኔን ምን ጠየቅከኝ? ይኼኛው ጣት ይሰማኛል፣ ያኛው አይሰማኝም። ክንዴን ልገፋ እችላለሁ፣ ልቆነጥጥ አልችልም። ይሄን ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ አላውቅም። 

«ቅዳሜ ሱቆቹ ጋ ትወስደኛለህ» አለች።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ወሰድኳት። ባቡር ውስጥ አንዲት ተማሪ ቦታ ስትለቅላት «ለሱም ልቀቂለት፣ ጭንቅላቱን ያመዋል» አለቻት። ሕዝብ ሳቀብኝ።

የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ኩሪሃራ ወንበር አመጣችላት፣ ጆይስቲኮቹን ጭኗ ላይ ደረደረችላት። ፉሳኤ እንደ ሐብሐብ አንኳኳቻቸው። ትንንሾቹን ሁሉ ወዲያ። ከባዱን ባለ ዘንግ ያዘች፤ ሣጥኑ ወፍራም፣ የዘንጉ ራስ እንቁላል የሚያክል ኳስ።

«እሱ አይሆንሽም» አልኩ። «ዘንጉ በግራ፣ ቁልፎቹ በቀኝ ናቸው። ቀኝ እጅሽ እንዴት ብሎ...»

ሣጥኑን አዞረችው። ፊቱን ወደ ኋላ። አሁን ቁልፎቹ በግራ፣ ዘንጉ በቀኝ ሆኑ። የቀኝ መዳፏን ኳሱ ላይ ጫነች። ጣት አልፈለገችም። በክንዷ ገፋችው። ሄደ!

«ግን ወደ ቀኝ ስገፋ ጡቡ ወደ ግራ ይሄዳል» አለች ሱቁ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ስትሞክር።

«ቆይ እማማ» አለች ኩሪሃራ። «ፈትቼ ዘንጉን ግማሽ ዙር ላዙረውልሽ። ያን ጊዜ ይታረቃል።»

ስትፈታው ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ፉሳኤ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ። ለካ ዝም ማለትም እችላለሁ።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

አሸነፍኳት። ሳልራራ። አራት መስመር ባንዴ ጠራርጌ። እጄ ሊስት ሲፈልግ ጥርሴን ነክሼ አስተካከልኩት። ከመጫወቱ ይልቅ አለመራራቱ ነው ያላበኝ።

«አረመኔ» አለችኝ።

ገንዳው ውስጥ ሆኜ ሰማኋት፤ ሳሎን ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ... ብቻዋን ትለማመዳለች። ውኃው ይፋጃል። ለመውጣት አልቸኮልኩም።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

ዛሬም አሸነፍኩ። ግን ለጥቂት። ለምንድን ነው ለጥቂት የሆነው?

ዲሴምበር 11፣ ሐሙስ

ተሸነፍኩ። እውነተኛውን ሽንፈት። ረጅሙን ጡብ በትክክለኛው ቦታ ጥዬ፣ ሁሉን በትክክል ሠርቼ ተሸነፍኩ። «ድጋሚ!» አልኩ። ተሸነፍኩ። «የመጀመሪያው አይቆጠርም» አልኩ። «ሁለተኛውስ?» አለች።

ገብታ እየዘፈነች ተነከረች። ሆን ብላ ቆየች። ተራዬ ሲደርስ ውኃው ለብ ብሏል። የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ቀስ አድርጌ ስከፍት ከበሩ ወዲያ፦

«ሰምቼሃለሁ! ዝጋ! የተሸነፈ ሰው ውኃ አይጨምርም!»

«ልሞት ነው እኮ በብርድ!»

«ሙት። ነገም ቀድሜ እገባለሁ።»

ተናደድኩ። አሁንም ስጽፍ እንደተናደድኩ ነኝ። የኔ ጆይስቲክ ቁልፉ ዘግይቶ ይመለሳል፣ ገመዱም አጭር ነው፣ አውራ ጣቴም... በቃ፣ በዚህ ዕቃ ከሷ ጋር መግጠም አይቻልም።

ነገ ወደ ኩሪሃራ ሱቅ እሄዳለሁ። ለራሴ ልመርጥ። ለፉሳኤ ፀጉር ልቆረጥ ነው እላታለሁ።