የጥጋብ ሆርሞን ተመራማሪው «አባ አንጀት» ዕረፍት

የተቋማችን የአንጀትና የአንጎል ምርምር ክፍል ኃላፊ፣ በባልደረቦቻቸው ዘንድ «አባ አንጀት» እየተባሉ የሚጠሩት አንጋፋ ተመራማሪ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው ያረፉ መሆኑን ተቋሙ የሚገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። የሐዘኑን ጥልቀት ለማሳየትም መላው ሠራተኛ ከምሳ ሰዓቱ ላይ አንድ ደቂቃ ቀንሶ በዝምታ እንዲቆም ተደርጓል። የሥራ ሰዓት አልተነካም።

ሟቹ ዕድሜያቸውን የፈጁት፣ ሰው ሲጠግብ መጥገቡን ለአንጎሉ የሚነግረው ማን ነው በሚል አንድ ጥያቄ ነው። አንጀት ምግብ ሲደርሰው የጥጋብ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም በደምና ከሆድ ወደ ጭንቅላት በሚወጣው ረጅም ነርቭ በኩል መልእክቱን ያደርሳል። ያን ጊዜ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው፣ ፍላጎትን የሚቀሰቅስ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ይቀንስና ሰው የጎረሰውን ውጦ እጁን ይሰበስባል። ሆድ ሲጎድል ደግሞ የረሃብ ሆርሞን ዶፓሚኑን ያነሣሣዋል፤ ጨዋው ሰው ማድ ቤት ገብቶ ድስት ሲከፍት የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሥራ ዘመናቸው መጀመሪያ የአይጥ ላቦራቶሪውን አቋቁመዋል። የጥጋብ ሆርሞን የተወጉ አይጦች ከምግቡ አልፈው መጫወቻቸውንም እንደሚተዉ ያረጋገጡት እዚያው ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት በሰው ላይ የሚደረገውን ሙከራ ደንብ አረቀቁ። በደንቡ መሠረት ከበጎ ፈቃደኞች ግማሹ ሆርሞኑን፣ ግማሹ የጨው ውሃ ይወጋል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ግን ወጊውም ተወጊውም አያውቅም። የሚያውቀው የመድኃኒት ክፍሉ ብቻ ነው። ጥናቱ ሳያልቅ ምስጢሩ የሚከፈተው ተወጊው ከሞተ ብቻ ሲሆን፣ ሌላ ሐኪም ቤት ሄዶ የታየ ተወጊም ከጥናቱ ይሰረዛል።

በዚያው ዓመት የአንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ እናት የሆኑ ልብስ አጣቢ፣ ልጄ ከሳብኝ፣ የምትወጉት ምን እንደሆነ ንገሩኝ እያሉ ደጃችን ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሟቹ ወጥተው «የእናት አንጀት መረጃ አይደለም» ብለው አሰናበቷቸው። አባባሉ የአስተዳደሩን አንጀት ስላራሰው፣ በእብነ በረድ ተቀርጾ ከመግቢያው በር በላይ ተሰቅሏል። ልጁ በኋላ የወፈረ መሆኑንም ለመዝገብ ያህል እንገልጻለን።

ባለፈው ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሲጠፋ ሟቹ ራሳቸው በመስኮቱ አጠገብ ካለው የተወጊዎች ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሁለተኛው ወር የምግብ ፍላጎታቸው ተዘጋ፤ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፤ ከሥራ ሲገቡ ትከሻቸው ላይ ይሰቅሉት የነበረውን የልጃቸውን ልጅ ዘወር ብለው ማየት ተዉ። እሳቸውም «ሆርሞኑ አንጎሌ ደረሰ፤ ምንም አያምረኝም» እያሉ ፊታቸው በደስታ ይበራ ነበር። ምንም የማያምረው ሰው ይህን ያህል መደሰቱን ልብ ያለ ባልደረባ አልነበረም። ሚዛን ላይ በወጡ ቁጥር ይጨበጨብላቸው ነበር፤ የክብደታቸውን መውረድ በመስመር የሚያሳየው ሥዕልም ተባዝቶ በኮሪደሩ ተለጠፈ።

በአራተኛው ወር ባለቤታቸው፣ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ መምህርት፣ ሳይጠሩ ወደ ቢሮ መጡ። «መድኃኒቱ ከሆነ ደግ፣ ዝም እላለሁ። የጨው ውሃ ከሆነ ግን ሰውየውን ሌላ ነገር ይዞታል፤ ሾርባ እንኳ አልወርድለት ብሏል። አንዲት ቃል ንገሩኝና ሐኪም ይየው» አሉ። ምክትል ዳይሬክተሩ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል የሚለውን ተረት ተርተው፣ እስከ በሩ ሸኝተው፣ ከበላዩ የተቀረጸውን ጽሑፍ አሳዩአቸው። የማን ቃል ነው ብለው ቢጠይቁ «የባለቤትዎ» ተባሉ። ጽሑፉን ቀና ብለው አንብበው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ተቋሙም ላሳዩት መግባባት ምስጋናውን ያቀርባል። ማታ ቤት ሲለምኗቸውም ሟቹ ጥናቱን አታበላሺብኝ ብለው ሐኪም ዘንድ መሄዱን እንቢ ማለታቸው በኋላ ታውቋል።

ሞት ደንቡ የሚፈቅደው ምክንያት በመሆኑ ምስጢሩ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ተከፈተ። ሟቹ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የተወጉት የጨው ውሃ ነበር። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች የጨጓራቸውን መውጫ የዘጋ እጢ ማግኘታቸውን፣ በወቅቱም ቢታይ ኖሮ በቀዶ ጥገና ይወጣ እንደነበር ነግረውናል። ይህ የሐኪሞቹ አስተያየት እንጂ የተቋሙ አቋም አይደለም። የኮሪደሩ ሥዕል ከጥናቱ ውጤት ጋር ባለመስማማቱ ተነሥቷል።

ባለቤታቸው ከቀብር መልስ ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከበሩ በላይ ያለው ጽሑፍ ይውረድልኝ የሚል። አስተዳደሩ ጥያቄውን በአክብሮት መርምሮ፣ ለተቋሙ ከሟቹ የቀረው መታሰቢያ ይኸው በመሆኑ በቦታው እንዲቆይ ወስኗል፤ ከሥሩም የሞቱበት ቀን ተቀርጾበታል። ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጃቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እየተመኘን፣ ወይዘሮዋ ሊያዩት በፈለጉ ጊዜ በራችን ክፍት መሆኑን እናሳውቃለን።