አልጫን ያለችው ምርጫ

ለምወድህ ወንድሜ ለሺንጎ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የባለቤትህ የሪዬ ወገብ ተሻላት ወይ? በረዶ የማያውቀው የናሃ አየርስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሐቺኖሄ ያለነው አለን። እማዬ ጉልበቷን ይቆረጥማታል እንጂ ምላሷ እንደ ወትሮው ነው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብል ዋሸሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ናዎ ሥዕል እያዩ፣ ጽሑፍ እያነበቡ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚመርጡበት አንድ አጭር ጌም ከኢንተርኔት አውርዳ ስትጫወት ቆየችና፣ ይሄ የአያቴ ቤት አይደለም እንዴ አለችኝ። ምን ታወራለች ብዬ ጠጋ ስል ጎኑ የተጨረመተው ማንቆርቆሪያችን ቁጭ ብሏል። ክው አልኩ። የሠሪው ስም ያንተ አይደለም፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ጠዋት ግን የእኛው ነው። ፊት መታጠብ፣ መጀመሪያ የወጣውን ሩዝ በትንሿ ጽዋ አድርጎ በአያቶቻችን መታሰቢያ ፊት ማኖር፣ ደወሏን መምታት፣ ከዚያ ቁርስ። እኔንማ መታጠቢያ ቤቱን ዘግቼ አምስት ጊዜ ካልተንኳኳ የማልወጣ አድርገህ ሥለኸኛል። አንተ ቀጣፊ፣ ሦስት ጊዜ ነበር።

እየሳቅን መጨረሻው ጠዋት ላይ ደረስን። የትኛው ጠዋት እንደሆነ ያወቅሁት መስኮቱ ላይ የተከመረውን በረዶ ሳይ ነው። አባዬ የዓሣ መኪናውን ሊነዳ ለባብሶ፣ መኝታህ በር ላይ ቆሞ "ደርሼ ልምጣ" ይልሃል። አንተ ማታ በጌም ምክንያት እሱ ስለተቆጣህ አኩርፈህ ዐይንህን ጨፍነሃል። ከሥር ሁለት ምርጫ አለ። "ዝም በል" የሚለው ይጫናል፤ "ደርሰህ ና" የሚለው ግን ግራጫ ነው፣ አይጫንም። ከዚያ ጽሑፉ መጣ፦ "በቤታችን ለሚወጣ ሰው ደርሰህ ና ሳይባል ቀርቶ አያውቅም። አባቴን መንገድ ላይ ያስቀረው የእኔ ዝምታ ነው።" ናዎ ውኃ አመጣችልኝ።

ሺንጎ፣ በዐሥራ አንድ ዓመትህ የተሸከምከውን እስከ ዛሬ ይዘኸው ኖርክ? ለሙት ዓመቱ በጠራንህ ቁጥር ሥራ በዛብኝ የምትለው ለዚህ ኖሯል? እኔ እኮ ይሄ ልጅ ልቡ ደነደነ እያልኩ ሳማህ ነው የኖርኩት። ይቅር በለኝ።

አሁን የምነግርህን ረጋ ብለህ አንብብ። ያን ጠዋት ኩሽና ውስጥ ሩዝ እየጨለፍኩ ነበር። አባዬ ካንተ በር ሲመለስ ይስቅ ነበር። "ያ ተንኮለኛ ተኝቻለሁ ይላል፤ የእግሩ ጣት ግን ከብርድ ልብሱ ወጥታ ትወዛወዛለች። ደርሰህ ና ያለችኝ እሷ ናት" አለኝ። ጫማውን ሲያጠልቅም ሳቁ አልለቀቀውም። እኔም ደርሰህ ና አልኩት፣ እማዬም አለችው። ሁለታችንም ብለነው ነው ያልተመለሰው፤ መንገዱ በረዶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በዚህ ቤት የዚያን ጠዋት ነገር የሚያነሳ ጠፋ፤ እኔም ሳልነግርህ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እማዬም መነጽሯን አድርጋ ራሷ ተጫወተችው። ግራጫዋን ምርጫ ደጋግማ ተጫነች፣ እንደገና ተጫነች፣ በመጨረሻ ይሄ ነገር ተበላሽቷል፣ ሠሪውን ጥሩልኝ አለች። ሠሪው ልጅሽ ነው ስላት መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ "እንግዲያው መጥቶ ይጠግነው" አለችኝ።

ሙት ዓመቱ የሚመጣው ወር ሃያ ላይ ነው። ናዎ አጎቴ እኔንም ጌሙ ውስጥ ይሣለኝ ብላ ሰላም ብላሃለች። ባለቤቴ ኩኒሂኮ ከአውቶቡስ ጣቢያ እኔ እቀበለዋለሁ ይላል። እማዬ ሪዬን አደራ፣ ወገቧ ላይ ሙቅ ነገር ታድርግ ብላለች። ከቤት ስትወጣ ሪዬ ደርሰህ ና ትበልህ፤ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው የእኛ ድርሻ ነው።

እህትህ ቺካኮ
ሐቺኖሄ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2024