ልቡ የበግ ነው ስላልነው ወርዋሪ

ለተከበሩ አቶ ፕሬስኮት ቬይል
የወጣት ተጫዋቾች ማጎልመሻ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱም ዐይኖችዎ ደህና ናቸው? እኔ መንጋጋዬ በሽቦ ከታሰረ ወዲህ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየመጠጥሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። ሐኪሙ አፌን ለስድስት ሳምንት ስለዘጋው መናገር አልቻልሁም፤ እርስዎን በጽሑፍ ማስቸገሬም ከዚሁ የተነሣ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ዌንደል ክሮዛክ እባላለሁ። አርባ ዓመት በሃርላን ፎርክ ቄራ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የከተማችን የቤዝቦል ቡድን የጀልበኞቹ ደጋፊ ነኝ። ትልቁ ቡድንዎ በየዓመቱ ሠላሳ ያህል ልጆች ለእኛ ለታችኛው ሊግ ይልክልናል፤ ከሠላሳው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ የቀሩት ወደ አባታቸው ጋራዥ ወይም ወደ እኛ ቄራ ይገባሉ። እኛ ደግሞ የትኛው የት እንደሚደርስ አስቀድመን እናውቃለን ብለን እናምናለን። በየሚያዝያው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ጨዋታዎች እንዳለቁ፣ በአራተኛው ረድፍ የምንቀመጥ ሦስት ሰዎች ልጆቹን አንድ በአንድ ገምግመን በአንድ ገጽ እንጽፍና መግቢያው በር ላይ እንለጥፋለን። በዐሥር ጨዋታ ሰው መገምገም ገና ያልበቀለ በቆሎ እንደ መውቃት መሆኑን ሚስቴ በሕይወት ሳለች ትነግረኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

ከሦስታችን አንዷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር የነበረችው ሎርና ቲቤትስ ስትሆን፣ የኳስ ፍጥነት መለኪያውንና ማስታወሻ ደብተሩን የምትይዝ እርሷ ናት። ሌላው ጣራ ሠሪው ደች ሄኒግ ነው፤ እርሱ የሚይዘው ጩኸቱን ብቻ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ከላኩልን ሁሉ የላቀው ኤሜቴሪዮ ላንቲጉዋ የሚባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወርዋሪ ነበር፤ ከዶሚኒካን የባሕር ዳርቻ የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። በሰዓት ዘጠና ሰባት ማይል ይወረውራል፣ ደግሞም የክብሪት ቀፎ ቢያስቀምጡለት አይስትም። በሎርና ደብተር ከሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ውርወራዎቹ፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚይዘው ቀላቢ ጓንቱን ከዘረጋበት ከአንድ ስንዝር በላይ የራቁት አራት ብቻ ናቸው። ነገር ግን በሁለተኛው ጨዋታ የአንዱን መቺ ክርን ሳያስበው ነክቶት፣ ሮጦ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀውና ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ ወደ ሰው አስጠግቶ መወርወር አቃተው። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ክንዱ የነብር፣ ልቡ የበግ። ጥርስ ካላበቀለ ወደ ላይ አይወጣም።»

ደች ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሎርና ግን «ዌንደል፣ ይሄን መስመር አጥፋው። ልጁ ማንበብ ባይችል እንኳ የሚያነብለት አያጣም» አለችኝ።

አላጠፋሁትም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በዚያች ቅዳሜ ከሩቅ ከተማ ድረስ መጥተው፣ በእኛ በተራ ሰዎች ረድፍ ተቀምጠው፣ ወረቀቴን ጮክ ብለው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። አርባ ዓመት ቄራ ውስጥ ስሠራ አንድም አለቃ የጻፍሁትን አንብቦልኝ አያውቅም። «የበጉን ነገር ማነው የጻፈው?» ብለው ሲጠይቁ እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እውነትህን ነው ሽማግሌው። ሳምንት ሳይሞላው ጥርስ እናበቅልለታለን» አሉ። በኩራት ያን ቀን እራቴን እንኳ አልበላሁም።

ሁለተኛ፣ ቃልዎን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። እንዲያውም ሳምንት አልፈጀብዎትም፤ በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈጸሙት።

ተጋጣሚያችን ማርሎ ነበር። ብራነን ስካግስ የሚባል የሃያ ዓመት መቺያቸው በሦስተኛው ዙር የኤሜቴሪዮን ኳስ ከአጥሩ ማዶ ላከው፤ ለወርዋሪ ከዚህ የከፋ ሽንፈት የለም። በአምስተኛው ዙር ሲመለስ እርስዎ ከአሰልጣኛችን ከጋርት ሉሚስ ጎን የተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ ነበር። ሉሚስ ቀኝ ጆሮውን ነካ። ቀላቢው ምልክቱን አይቶ ማመን ስላቃተው ሁለት ጊዜ ወደ አግዳሚው ዞሮ ተመለከተ። ኤሜቴሪዮ ወረወረ፤ ኳሷ ከብራነን ጎን በስንዝር ርቃ ከኋላው አለፈች። ያን ጊዜ ሉሚስ ወርዋሪው ወደሚቆምበት ጉብታ ሄደ፤ እኛም ቅርብ ነንና ሁሉን ሰማን።

«ጎኑን አልኩህ እንዴ? ራሱን ነው! ጆሮዬን ስነካ አላየህም?»

«ኮች፣ እኔ ይሄን አልችልም።»

«ትችላለህ! አለቃው እያየህ ነው። ወይስ ነገ ጠዋት አውሮፕላን ላይ መሆን አምሮሃል?»

ልጁ አንገቱን አዙሮ እርስዎን አየ። እርስዎም፣ ክቡር ሆይ፣ የሱፍ ገለባዎን እንትፍ ብለው ራስዎን ነቅንቀው እሺታ ሰጡት። እኔ አየሁ። ሎርናም አየች፤ ሰዓቱንም በደብተሯ ጻፈች።

አጥንት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነበርና። ኳሷ ከራስ ቁሩ ክዳን በታች የብራነንን ግራ ጉንጭ ስታገኘው ያሰማችው ድምፅ ይኸው ነው። ልጁ በመዶሻ እንደተመታ በሬ በመጀመሪያ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ከዚያ በፊቱ ወደቀ። ደሙ ከአፍንጫውና ከዐይኑ እየፈሰሰ አሸዋውን አጨቀየው፤ ተረከዙም መሬቱን ይደበድብ ነበር።

ኤሜቴሪዮ አልሸሸም። ጓንቱን ጥሎ ወደ ወደቀው ልጅ ሮጠ፣ ተንበርክኮም ራሱን ቀና ሊያደርግለት እጁን ከአንገቱ ሥር አስገባ። ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ግዙፉ የማርሎ መቺ ከኋላው መጥቶ የያዘውን ዱላ ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ሁለት የጎን አጥንት። ከዚያ ከሁለቱም ወገን አግዳሚው ሁሉ ባዶ ሆነ፤ ሃምሳ የሚያህሉ ወጣቶች በአንድ የወደቀ ልጅ ዙሪያ እርስ በርሳቸው ተረጋገጡ፣ ተናከሱ፣ በጫማ ሹል ጥርስ ተበጣጠሱ። ዳኛው መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ ጣቱን ረገጡት። አሰልጣኝ ሉሚስን አንዱ ጆሮውን ነክሶ ቆረጠለት፤ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።

እኛ ተመልካቾቹም ከእነርሱ አልተሻልንም። ደች ወንበሩ ላይ ቆሞ «ይኸው! በጉ ቀንድ አወጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ደች፣ አፍህን ዝጋ» አለች ሎርና።

«ምን አልኩ? ዌንደል ራሱ የጻፈው እኮ ነው!»

ሎርና በኳስ ፍጥነት መለኪያዋ አፍንጫውን ሰበረችው። ሃያ ዓመት አብረን ስንቀመጥ ዝንብ እንኳ ስትገድል አላየኋትም።

በዚህ መሐል አንድ የሥራ ጃኬት የለበሰ ሰው «ልጄ ነው! አሳልፉኝ! ልጄ ነው!» እያለ ደረጃውን ወደ ታች ሲሮጥ መጣ። የብራነን አባት ዴል ስካግስ ነበር። ኤሜቴሪዮን የሚገድለው መስሎኝ ጃኬቱን ያዝሁት። ገፈተረኝ። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ከተማው ሁሉ እንዲያውቀው እጽፋለሁ፤ ልጁ ደም ውስጥ ተጋድሞ ሳለ አባቱን በቡጢ ፊቱ ላይ መታሁት። እርሱ አንዴ ብቻ መለሰልኝ። ያን የማውቀውን ድምፅ ደግሜ ሰማሁ፤ በዚህኛው ጊዜ የመጣው ከራሴ ጆሮ ሥር ነበር። አልፈርድበትም።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ስላወጡት መግለጫ አመሰግናለሁ። «ወርዋሪው ባለበት የቁጥጥር ጉድለት ኳሷ ከእጁ አምልጣለች» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሎርና በሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ፣ ከዚያም ደብተሯን ከፍታ የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱን ውርወራ ዝርዝር አሳየችኝ። ያን ዕለት ጠዋት የብራነን ግራ ዐይን ወጣ። ከሰዓት በኋላ የእርስዎ ሰው ወደ ኤሜቴሪዮ መጥቶ «ማንም አላዘዘኝም» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ጠየቀው፤ አልፈርምም ሲል ወዲያው ከቡድኑ አሰናበታችሁት። የጎኑ አጥንት ተሰብሮ፣ መኝታ ክፍሉን በዚያው ቀን እንዲለቅ ተነግሮት፣ ሎርና ቤቷ ወሰደችው። ልቡ የበግ ነው ያልነው ልጅ ከሁላችን መሐል እምቢ ያለው እርሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎ ስላልነበሩ ልንገርዎ።

ረቡዕ ጠዋት ኤሜቴሪዮ ብራነንን ካላየሁ ብሎ ሎርናን አስቸገራት። የእኔ ክፍል ከብራነን ክፍል በሁለት በር የሚርቅ ስለሆነ፣ ኮሪደሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጬ ሳለሁ ሲመጡ አየኋቸው። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ።»

«እጅህን አንሣ።»

«አላነሣም፣ አባባ።»

መታው። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ደግሞ መታው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀና ደሙ በሎርና ሹራብ ላይ ተረጨ። «ተው! ጎኑ የተሰበረ ነው!» ብላ መሐላቸው ገባች፣ ነርሷ ጮኸች፣ እኔም ልነሣ ብዬ ከታሰረው አፌ እንደ ከብት ማጉረምረም ብቻ ወጣኝ። ለሦስተኛ ጊዜ እጁ ሲነሣ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ማንን ነው የምትመታው?»

«የወረወረብህን!»

«ተወው። ይግባ።»

በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ታየኝ። የብራነን ፊት ግማሹ በፋሻ የተጠቀለለ፣ ግማሹ እንደ በሰለ ፕሪም የጠቆረ ነበር። ኤሜቴሪዮ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በአልጋው ግርጌ ቆመ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «እኔ አልፈልግም ነበር። አሰልጣኙ ጆሮውን ነካ። ግን እጁ የኔ ነው» አለ።

ብራነን «የኛም አሰልጣኝ ይነካል። እኛ ጋ አፍንጫውን ነው» አለ።

አባትየው «ምን አልክ?» ብሎ ወደ ልጁ ዞረ።

«ባለፈው ዓመት ወርዋሪያችን አንዱን አገጩን ሲሰብረው፣ ቤት መጥቼ የነገርኩህ ጊዜ ስቀሃል እኮ፣ አባዬ።»

ያ ትልቅ ሰው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። የመታበትን እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየ፤ አላለቀሰም። ኤሜቴሪዮ ከንፈሩን በእጅጌው እየጠረገ፣ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ፣ ብራነን የጠየቀውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳለት። እኔ ደግሞ በማስታወሻ ወረቀቴ ላይ «አንተን የመታሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» ብዬ ጽፌ ለአባትየው ላክሁለት። አነበበው፣ ተነሥቶ መጣ፣ ወረቀቱንም በጀርባው ገልብጦ ጭኔ ላይ አኖረው።

«መጻፍ ከቻልክ የማን ትእዛዝ እንደሆነ ጻፍ» አለኝ። «ስሙን ሙሉውን።»

ጻፍሁ። የሉሚስ ስም ከላይ፣ የእርስዎ ከሥሩ፣ ከሁለቱ ቀጥሎ የእኔ። ዴል ስካግስ ሦስተኛውን ስም ሲያይ ቅንድቡን አነሣ፣ ሎርናም ስታዲየሙ በር ላይ የለጠፍነውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። «ክንዱ የነብር፣ ልቡ የበግ» የምትለዋን አነበባት። ሌላ ቡጢ ጠበቅሁ። «አንተም ትመጣለህ» አለኝ ብቻ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ዴል ስካግስ በመሠረተው ክስ ሰኔ ስድስት ቀን ረፋድ ላይ በአውራጃችን ፍርድ ቤት ቢገኙልን ደስታችን ወሰን አይኖረውም። ጥሪው በሕግ አግባብ ስለሚደርስዎ፣ የእኔን ግብዣ እንደ አክብሮት ብቻ ይቁጠሩልኝ። ምስክሮቹ ኤሜቴሪዮ፣ ቀላቢው፣ ሎርና ከነደብተሯ፣ አፍንጫው የታሸገው ደች፣ እንዲሁም ስለ አፍንጫ መንካት የሚናገረው ብራነን ራሱ ናቸው፤ ከእርሱ ምስክርነት በኋላ የማርሎ አለቆችም ከእርስዎ ጎን ስለሚቀመጡ ብቸኝነት አይሰማዎትም። የመጀመሪያው ማስረጃ የእኔ ወረቀት ነው። አፌ እስከዚያ ስለሚፈታ፣ በራሴ ድምፅ ለዳኛው ላነበው ለምኛለሁ።

ኤሜቴሪዮ ከዚያ ቀን ወዲህ ኳስ በእጁ አልያዘም። በሎርና ግቢ ውስጥ ልጆች ኳስ ሲወረውሩለት እግሩን አንሥቶ ያሳልፋታል።

ለከፍተኛ ወንበርዎ ተገቢ በሆነው ጥልቅ አክብሮት፣ ጥርሶቼን ገጥሜ፣ በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በቁጣ አለመሆኑን በማረጋገጥ፣ ዘወትር ታዛዥዎ የነበርሁት፣

ዌንደል ክሮዛክ
ሃርላን ፎርክ፣ አራተኛ ረድፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቢሮዎ በመጪው ቅዳሜ ለሚገቡ የመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ተመልካቾች የቡድኑን ዓርማ የያዘ የራስ ቁር በነጻ እንደሚያድል የሚገልጸው ማስታወቂያ ደርሶናል። አንዱን አስቀድመው ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለብሼ በመስተዋት አየሁት፣ ልክ ብራነን ለብሶት የነበረው ዓይነት ነው። ፊት አይሸፍንም። በሰኔ ስድስት ለእርስዎ ይዤልዎ እመጣለሁ።