በጭስ ማውጫው ላይ ያሰርከው ጣሳ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

“ውድ” ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው። ዛሬ ደሜ ፈልቷል። ብደውልልህ ገና አፌን ሳልከፍት “ቆይ፣ ቆይ፣ ተረጋጊ” ትለኛለህ። መረጋጋት ስላልፈለግኩ በጽሑፍ አደረግኩት፤ ደብዳቤ ላይ አቋርጠህ መናገር አትችልም።

እናታችን አእምሮዋ አልከዳትም። ሲያሳምማት የከረመው አንተ አዲስ መኪና ስትገዛ ሪባን አስረህ፣ ፎቶ ተነስተህ፣ “ከልጅ ለእናት” ብለህ የሰጠሃት አሮጌ መኪና ነው። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር።

እማዬ የሰፋችውን መጋረጃ ለደንበኛ ልታደርስ ጭና ስትሄድ እንዴት እንደምትነዳ ታውቃለህ። ነጩን ጨርቅ አቧራ እንዳይነካው መስኮቶቹን ሁሉ ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። የመጋረጃው ዘንግ ደግሞ ከመኪናው ስለሚረዝም የኋላውን በር ገርበብ አድርጋ በገመድ ታስረዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት ዘዴ ነው፤ በድሮዋ መኪና ምንም ሆና አታውቅም። አንተ በሰጠሃት መኪና ግን ራስ ምታት ጀመራት። ደንበኛ ቤት ደርሳ ለምን እንደመጣች ይጠፋባታል። ለሳሎን ብላ የሰፋችው መጋረጃ የሽንት ቤት መስኮት እንኳ አልሸፍን አለ። አንድ ቀን የግቢውን በር ገጭታ ስትወርድ አቅለሽልሿት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ታዲያ አንተ ምን አደረግክ? ሐኪም ቤት ወሰድካት? “እርጅና መድኃኒት የለውም” አልክ። ቤተሰቡን ሰብስበህ፣ የልጅ ልጆቿ እያዩ፣ “እማዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ይሄ ወር ማን ይባላል?” እያልክ እንደ ሰነፍ ተማሪ አፋጠጥካት። ወሩን ስትሳሳት ዞር ብለህ እኛን አየኸን፤ “አላልኳችሁም?” የሚል አስተያየት ነበር። ሁለታችንንም በመርፌ ያሳደገች ሴት በልጆች ፊት አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ስታፍተለትል እንዴት አስቻለህ? ከዚያ ቁልፉን ከእጇ ወሰድክ። የመጋረጃ ሱቋንም የሚከራይ ሰው አገኘህና ቅዳሜ ለመፈራረም ቀጠርክ።

ቤት ስትቀመጥ ራስ ምታቱ ለቀቃት። አንተም “አያችሁ? ዕረፍት ነበር የቸገራት” ብለህ ደረትህን ነፋህ።

እኔ የቀሩትን መጋረጃዎች ላድርስላት ብዬ ቁልፉን ከአንተ ተቀብዬ መኪናውን ያዝኩ። እንደ እሷው መስኮት ዘግቼ፣ የኋላውን በር በገመድ አስሬ። መንገዱን ሳላጋምስ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ በየት በኩል እንደምሄድ ጠፋኝ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ ይጮሃል፣ እኔ ፈዝዣለሁ። እንደምንም ዳር ይዤ ወረድኩና አስታወከኝ። ደንበኛዋ ደግሞ መጋረጃውን ተቀብላ አሸተተችና “ይሄን ኩሽና ውስጥ ነው እንዴ የሰፋችሁት? ጭስ ጭስ ይላል እኮ” አለችኝ። ያኔ ባነንኩ። በማግስቱ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀና አስነሺው አለኝ። ከሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀንሳል። “ብረቱ ሲሞቅ ስንጥቁ ይጠባል። ለዚህ ነው የሚሸውደው” አለ። ከዚያ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ አፈነና “ነዳጅ ስጪ፣ ቀስ ብለሽ” አለኝ። ጭሱ በኋላ መውጫ ሲያጣ ከመኪናው ሆድ ሥር ሽሽሽ ብሎ ወጣ።

“መስኮቱን ዘግተሽ የኋላውን በር ከከፈትሽ፣ መኪናው ሲሄድ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል” አለኝ። “ይቺ የምታጨሰው ለመንገዱ አይደለም፤ ለባለቤቷ ነው።” ሳቀ። እኔ ሳቅ የሚባል ነገር ከየት ላምጣ?

በክሪክ አንስቶ ከሥር ገባ። “ነይማ፣ ጉድሽን እዪ!” አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድ የዘይት ጣሳ ተቆርጦ ቱቦው ላይ ተጠቅልሏል፣ በሽቦም ተጠፍሯል። ሽቦው ዝጎ ላልቷል። ጣሳውን ሲፈታው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ብቅ አለ፣ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሮ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩልህና የጣሳውን ነገር ጠየቅኩህ። ያልከኝን አልረሳሁትም። ሳቅክ!

“እ፣ እሱን? እኔ ነኝ ያሰርኩት። ለጊዜው ብዬ ነበር እኮ።”

“ለእማዬ ነግረሃታል?”

“ምኑ ይነገራል? ትንሽ ቀዳዳ ናት። እኔ እንደሆነ መስኮት ከፍቼ ነበር የምነዳው።”

መስኮት ከፍተህ! አንተን ሲሸትህ መስኮት ከፈትክ። ለእሷ ሲሆን ግን ሪባን አስረህ፣ ጭሱን ከነጣሳው ሰጠሃት። ስትታመምም አንዴ እንኳ “ያ ቀዳዳ ይሆን?” ብለህ አላሰብክም። ከመኪናህ ይልቅ የእናትህን ጭንቅላት መጠርጠር ቀለለህ። ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ለዚህ ነው፤ ኔትወርክ ተቋርጦ አይደለም።

ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል፤ አንዱ ሲፈታ ተሰበረና በመሰርሰሪያ መውጣት ነበረበት። መካኒኩ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጣለ፣ በምትኩ አዲስ ቱቦ በየደ፣ በመጋጠሚያው ላይ ጭስ እንዳያፈስ የሚያሽግ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባ። ሲጨርስ ሞተሩን አስነስተን በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባን። አረፋ ቢያወጣ ያፈሳል ማለት ነው። ተጎንብሼ እያንዳንዱን አየሁ፤ አንድም አረፋ የለም። ለዘንጉም ጣሪያው ላይ መጫኛ አሠራሁለት። ከእንግዲህ የኋላው በር ተከፍቶ አይሄድም።

እማዬን ሐኪም ቤትም ወሰድኳት። ሐኪሟ ሁሉንም ሰምታ፣ መርምራ፣ “ከጭሱ ከራቁ ወዲህ ከተሻልዎት ምክንያቱ እሱ ነው” አለቻት። ወሩንም ጠየቀቻት። በትክክል መለሰች፤ የሐኪሟ ክፍል መጋረጃ እንዳጠረም ጨምራ ነገረቻት።

ቤት ስንገባ ግን እንዳሰብኩት አልተደሰተችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ታዲያ እኔ ደህና ነኝ?” አለችኝ።

“ደህና ነሽ፣ እማዬ።”

“ስተኛ ስማችሁን እደጋግም ነበር። ያንቺን፣ የወንድምሽን፣ የልጆቹን። ጠዋት ስነሳ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ።”

ከዚያ አለቀሰች። ትከሻዋን አቅፌ አብሬያት አለቀስኩ። አንተ “ዕረፍት ላይ ናት” የምትላት ሴት የልጆቿን ስም ትምህርት ቤት እንደሚገባ ሕፃን እያጠናች ነበር የምትተኛው።

ሱቁን ሊከራይ የመጣውን ሰው እንዳይደክም ንገረው። የመኪናው ቁልፍ እሷ ጋር ነው፤ ዛሬ ጠዋት ራሷ ነድታ ሄዳ ሱቋን ከፍታለች።

ስትወጣ በር ላይ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦ “የጣሳውን ነገር ለወንድምሽ እንዳታነሺበት። እኔን እንዳሳመመኝ ካወቀ ይጸጸታል። አይችለውም፣ ልቡ ስስ ነው።”

እሺ አልኳት። እሷ ከግቢ ሳትወጣ ወረቀት ፍለጋ ገባሁ።

ተጸጸት።

እህትህ