ለበሩ «ሄሎ» የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ፤

አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ እንዲሆን እመኛለሁ፤ በሩን ተከፍቶ አይቼው ስለማላውቅ ስለ ጥንካሬው መመስከር እችላለሁ። እኔ በንባብ ክፍሉ መስኮት ጥግ የምቀመጠው፣ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ ከመዝገበ ቃላት የተማርሁት ሽማግሌ ነኝ። በመግቢያው ላይ ስላስተከሉልን፣ ሰው ባለፈ ቁጥር «ሄሎ» ስለሚለው መሣሪያ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. መሣሪያው ትጉህ ነው። ለእኔም፣ ለመጥረጊያውም፣ ለድመቷም እኩል ሰላምታ ይሰጣል። አድልዎ የሌለበት አገልግሎት ቃል ገብተውልን ነበር፤ ቃልዎን ጠብቀዋል።

፪. ሰላምታ ሳልመልስ ማለፍ አልተማርሁም። ስለዚህ ቆሜ ባርኔጣዬን አንስቼ እመልሳለሁ፤ እሱም ባርኔጣው ሲነሣ አዲስ ሰው የመጣ መስሎት ይደግማል፤ እኔም እደግማለሁ። በመጨረሻ ዘበኛው «አባባ፣ ከቆርቆሮ ጋር ተያይዘው ሊውሉ ነው?» ብሎ ገላገለኝ። በዚያ ሳምንት ከሰው አንደበት የሰማሁት ረጅሙ ንግግር እርሱ ስለሆነ፣ ዘበኛውን እንዳይቀጡብኝ አደራ።

፫. ቃሉን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ፈለግሁት። ጥንት ሰላምታ አልነበረም። አዳኝ ውሻውን፣ መንገደኛም ከወንዝ ማዶ ያለውን ባለ ጀልባ የሚጣሩበት ጩኸት ነበር ይላል፤ ለሰላምታ ያስለመደው ኋላ የመጣው ስልክ ነው። መንገደኛው የሚጮኸው እንግዲህ ማዶ ሰምቶ ጀልባውን የሚያመጣለት ሰው ስላለ ነው። የእርስዎ መሣሪያ ይጣራል፤ «አቤት» ብዬ ስቀርብ ግን የጠራኝ የለም።

፬. በመግቢያው መስኮት ይቀመጡ የነበሩት ወይዘሮ፣ መሣሪያው በተተከለ ማግስት ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ተዛውረዋል። እሳቸው እንግሊዝኛውን አይሞክሩትም ነበር፤ «ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፣ መልሱንም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ጉልበት የጠየቀው ሌላ ሰው የለም። ጉልበቴ ግን ጠያቂ አጣሁ ብሎ መታመሙን አልተወም።

ስለዚህ ወይዘሮዋን ወደ መስኮታቸው ይመልሱልን። ይህ ከከበደ እኔን ወደ መጋዘኑ ያዛውሩኝ፤ ከማይነበቡት መጻሕፍት ጋር ብደረደር ቅር አይለኝም።

ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ስለማያባክኑት ውድ ጊዜ ከወዲሁ እያመሰገንሁ፣ ከማዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የመስኮቱ ጥግ አንባቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጠዋት ስልክዎን እያዩ ሲገቡ መሣሪያው «ሄሎ» ብሎዎት ሳይመልሱ አለፉ። ከኋላዎ ነበርሁና ስለ እርስዎ ሆኜ መለስሁለት። ከእሱ ቀድሜ እኔም «እንደምን አደሩ» ብዬዎት ነበር፤ ለዚያኛው ግን የሚመልስልኝ አላገኘሁም።