ወንድሜ፣ ኩላሊትህ ደከመብኝ

ወንድሜ ኤርጫፎ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው መስቀል እየመጣ ነው። የዕለት ውሎዬን መጻፍ እንደማልተው ታውቃለህ፤ የቅቤ ዋጋ፣ ዝናቡ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ። ይህን ግን ለማን እንደምነግረው ጠፋኝና ላንተው ልጻፍ አልኩ። እህትህ አፍራለች።

ቤታችን ደህና ነው። የደጁን አጥር አሳድሰናል። ሀቢቾ ትምህርት ቤት ያስተማርካቸው ልጆች ወደ ሆሳዕና ሲመጡ እማዬን ሳይጠይቁ አያልፉም። እኔም ጃጁራ ገበያ መውጣቴን አልተውኩም። አሁንም የቅቤውን መሃል ወግቼ ሳላሸት አልገዛም።

ከገበያ ስገባ እማዬ መጀመሪያ ሰላም የምትለው አንተን ነው። መዳፏን ጠባሳዬ ላይ፣ የሰጠኸኝ ኩላሊት ካለበት ላይ ታሳርፍና በሀዲይኛ «እንዴት ዋልክ ልጄ?» ትላለች። «ደህና ነኝ እማዬ» ካልኩ ትቆጣለች። «አንቺን ማን ጠየቀሽ? ከልጄ ጋር ነው የማወራው!» ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። ባለፈው መስቀል በቅቤ የራሰውን የበዓል የቡላ ምግባችንን፣ አታካናን፣ ለኔ ካቀረበች በኋላ ያንተን ድርሻ ደረበችበት። «ብዪ እንጂ፣ እሱም ይራበዋል።» የገደለህ መኪና ካንተ ያስቀረላት ይህን ኩላሊት ብቻ ነው። እንዴት እምቢ ልበላት?

በክረምቱ የደም ምርመራዬ ተበላሽቶ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከኩላሊቱ ትንሽ ናሙና በመርፌ ወሰዱ። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ በኩላሊቱ ውስጥ ያሉት የደም ስሮች ግድግዳቸው ወፍሮ መተላለፊያቸው ጠቧል። የመናኸሪያችንን በር አስበው፤ ሻጩ ሁሉ ዕቃውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ መንገዱ ሲገፋ አንድ ቀን አውቶብሱ ማለፊያ ያጣል። ጠዋት ማታ የምውጠው መድኃኒት የሰውነቴን መከላከያ ያደክመዋል እንጂ ጨርሶ አያስተኛውም። መጠኑ ከልክ በላይ ቢጨመር ደግሞ ትንሹ ኢንፌክሽን ሊጥለኝ ይችላል። በዚህ መሃል ሰውነቴ ድምፅ ሳያሰማ ያንተን ስሮች ሲያጠቃ ኖሯል።

«ጥፋትሽ አይደለም፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ወስደሻል» አለኝ ዶክተሩ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ጥፋተኛ የሌለበት ኪሳራ አይገባኝም። ከአንድ ማህፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ሥጋዬ አንተን ባዕድ ማለቱን ለማን አስረዳለሁ? ከቀዶ ጥገናው በፊት ነርሶቹን ስታስቅ ትዝ አለኝ። «ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ካልጣማት ትመልሰዋለች!» ያን ቀን አብሬህ ስቄ ነበር።

ዲያሊሲስ መጀመሬ እንደማይቀር ተነግሮኝ ተመለስኩ። ለእማዬ ግን አፌን መክፈት አቃተኝ። መዳፏን ባሳረፈች ቁጥር ሆዴን ወደ ውስጥ እስብ ጀመርኩ፤ ያንተን ድካም በእጇ የምታውቀው መሰለኝ። ገዢ ፊት ሳልርበተበት የኖርኩት ሴት እናቴን ሸሸኋት።

ትናንት ለበዓሉ ያስቀመጠችውን ቅቤ እያወጣች ያንተን ድርሻ በተለየ ሳህን ልታቀርብ እንዳሰበች ነገረችኝ። ያኔ ጨከንኩ። «እማዬ፣ የኤርጫፎ ኩላሊት እየሞተ ነው» አልኳት። ቅቤውን እንደያዘች ቆመች።

«ሁለቴ ልቀብረው ነው?»

ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ወደ ጠባሳዬ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺስ ልጄ? አንቺ እንዴት ነሽ? እስከ ዛሬ ሳልጠይቅሽ ኖርኩ» አለችኝ።

ከሞትክ ወዲህ እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም መልሶ አሳፈረኝ፣ ያንተን ቦታ የወሰድኩ መሰለኝ። የሚሻለኝንም የሚያመኝንም ሁሉ ነገርኳት፤ እስኪመሽ አወራን።

ወንድሜ፣ የቀረልህን አቅም እጠብቃለሁ። መድኃኒቴን አላዛንፍም፤ ለእማዬም ቢሆን በሁለት ሳህን አልበላም። ያ ኩላሊት የሚቆምበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀንም በቤታችን ስምህ ይጠራል፣ ቀልድህም ይነገራል፣ የምናገረውም እኔ ነኝ። ሥጋዬ ባዕድ ቢልህም እኔ ወንድሜ እልሃለሁ።

እህትህ